«ፐርሙቴሽን ከትምህርት ቤት ውጭ ምን ይሠራል?» ላለኝ ተማሪ ምን ልንገረው?

መምህርት ከቱሉ ዲምቱ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ሁለተኛ ደረጃ ሂሳብ አስተምራለሁ። አብዛኞቹ ተማሪዎቼ ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የሚመጡ ልጆች ናቸው። ሰሞኑን ፐርሙቴሽን (የነገሮችን አደራደርና ማቀያየር) እየሠራን አንድ ልጅ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ይሄ ነገር ግን ውጭ ምን ይሠራል?» አለኝ።

ልጁ ሊያሾፍ ብሎ አይደለም። ቅዳሜና እሁድ ብሎኬት ማምረቻ ይሠራል። ስሚንቶ፣ አሸዋና ጠጠር በስንት ስንት እንደሚቀላቀል ሲያስረዳ ሬሾን ከመጽሐፉ አጥርቶ ነው የሚናገረው። እንዲህ ላለ ልጅ «ለፈተና ይጠቅምሃል» ማለት ነውር ነው። የሚረባ መልስ ይገባዋል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመኖችን ምስጢር የፈቱት የሂሳብ ሰዎች እንደነበሩ አውቃለሁ። ስለ አለን ቱሪንግም አንብቤያለሁ። የማነበው ሁሉ ግን «በጣም ጎበዝ ነበር፣ ማሽን ሠራ፣ ጦርነቱ አጠረ» ይልና ያልፋል። ሂሳቡ የቱ ጋ እንደገባ የሚናገር አላገኘሁም።

ዓርብ ከሰዓት የሂሳብ ክበብ አለን። ያለኝ ጠመኔና ጥቁር ሰሌዳ ነው። ፕሮጀክተር የለም፣ መብራትም አይታመንም። የማንን ሕይወት ብነግራቸው ይሻላል? ደግሞስ ልጆቹ በእጃቸው ሊሠሩት የሚችሉት ነገር ይኖራል?

ሬዲዮ ጠጋኝ፣ አቃቂ፦

እህቴ ሰላም። መጀመሪያ ማሽኑ ይግባቸው። ማሽኑ ካልገባቸው ሂሳቡ አየር ላይ ይንሳፈፋል።

ኢኒግማ ጀርመኖች ምስጢራቸውን የሚቆልፉባት፣ በባትሪ የምትሠራ የጽሕፈት መኪና መሳይ ሳጥን ናት። 26 መጫኛ ቁልፍ አላት፤ ከበላዩ 26 ትንንሽ አምፖል። አንዱን ፊደል ስትጫኚ ሌላ ፊደል ይበራል። በመሀል ያለው ነገር ሁሉ ሽቦ ነው።

ሦስት ተሽከርካሪ ጎማዎች አሉ፣ ሮተር ይባላሉ። እያንዳንዱ በግራም በቀኝም 26 መነካኪያ አለው፤ ውስጡ ሽቦው ተጠላልፎ ይሄዳል። ቁልፍ በተጫንሽ ቁጥር የቀኙ ሮተር አንድ እርምጃ ይዞራል። ስለዚህ ያንኑ ፊደል ደግመሽ ብትጫኚ ሌላ አምፖል ይበራል። በግራ በኩል ደግሞ መላሽ አለ። ኤሌክትሪኩ ሦስቱን አልፎ እዚያ ሲደርስ በሌላ ሽቦ ይመልሰዋል።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ሀ ሲጫኑ ለ ከበራ፣ ማሽኑ ሳይንቀሳቀስ ለ ቢጫኑ ሀ ይበራል። ለመቆለፍም ለመፍታትም ያው አንድ ማሽን በቃ። ሁለተኛ፣ ማንኛውም ፊደል ራሱ ሆኖ አይወጣም። ሄዶ የመጣበት መንገድ አንድ ሊሆን አይችልማ!

ከፊት ለፊት መሰኪያ ሰሌዳ አለ። በገመድ ፊደሎችን ጥንድ ጥንድ ያቀያይራል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ 6 ገመድ ነበር የሚጠቀሙት። 6 ገመድ መሰካት የሚቻልበት መንገድ ከ100 ቢሊዮን በላይ ነው። ሮተሮቹን በ3 ቦታ መደርደር 6 መንገድ፣ መነሻ ቦታቸው ደግሞ 26 ጊዜ 26 ጊዜ 26፣ ማለት 17,576። ይህን ሁሉ አባዢው። ጀርመኖች ተማምነው የተኙት በዚህ ቁጥር ነው።

ሂሳቡን ለሂሳብ ሰዎች ልተወው።

የሰበታው የሂሳብ መምህር፦

መምህርት ልጄ፣ የፖላንዳዊውን የሂሳብ ሰው የማሪያን ሬየቭስኪን ሕይወት ንገሪያቸው። ቱሪንግን ላሳንስ ብዬ አይደለም። ትልቅ ሰው ነው፤ የኮምፒውተርን ሐሳብ የሰጠን እሱ ነው። ተማሪሽ የጠየቀው ግን ፐርሙቴሽን ምን ይሠራል ብሎ ነው። የዚህ ጥያቄ መልስ ያለው ዋርሶ ውስጥ ነው፤ ጦርነቱ ከመጀመሩ ብዙ ዓመት በፊት።

እኔ ሰበታ ነው የምኖረው፤ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ስለዚህ ሰውዬ ለብዙ ተማሪ ተናግሬያለሁ፤ ሲሰሙ ዓይናቸው ሲበራ አይቻለሁ። የሬየቭስኪ ታሪክ እንደሚገባው አለመነገሩ ከልቤ ያሳዝነኛል።

የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1905 ቢድጎሽች በምትባል ከተማ ነው። ያኔ ከተማዋ በጀርመን ሥር ነበረች። ስለዚህ ፖላንዳዊው ልጅ ጀርመንኛ እየተማረ አደገ። ፖዝናን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሂሳብ አጠና። በ1929 የፖላንድ ጦር የምስጢር ጽሑፍ ክፍል አንድ ብልህ ነገር አደረገ። እስከዚያ ድረስ በየአገሩ ኮድ ሰባሪ ተብሎ በብዛት የሚቀጠረው ቋንቋ አዋቂ ነበር። ፖላንዶቹ ግን የሂሳብ ተማሪ ፈለጉ። ጀርመንኛ የሚችሉትን የሂሳብ ተማሪዎች ሰብስበው በምስጢር ማታ ማታ ኮርስ ሰጧቸው። ከእነዚያ መካከል ሦስቱ ዘለቁ፦ ሬየቭስኪ፣ የዢ ሩዢትስኪ እና ሄንሪክ ዚጋልስኪ።

ሬየቭስኪ ከዚያ ጎቲንገን፣ ጀርመን ሄደ። የኢንሹራንስ ስሌት ሊማር ነበር። ተመልሶ ፖዝናን ረዳት መምህር ሆነ። በመስከረም 1932 ዋርሶ ገባ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ አለቃው ለብቻው ክፍል ሰጠው፣ የኢኒግማን ወረቀቶች አስረከበው፣ ለጓደኞቹም እንዳይናገር አዘዘው። ያኔ ገና 27 ዓመቱ ነው።

አሁን ወደ ሂሳቡ። አንድ ነገር ልብ በይ። መማሪያ መጽሐፋችን ላይ ያለው ፐርሙቴሽን ቆጠራ ነው፤ ስንት ዓይነት አደራደር አለ ብሎ ይጠይቃል። ሬየቭስኪ የያዘው ግን ማቀያየሩን ራሱን ነው። ሀ ወዴት ሄደ፣ ለ ወዴት ሄደ የሚለውን። የመቁጠሩን መንገድ ቢከተል ኖሮ አቃቂ ያለው ወንድማችን በጻፈው ቁጥር ውስጥ ሰምጦ ይቀር ነበር።

ጀርመኖቹ መልእክት ሲልኩ እንዲህ ያደርጉ ነበር። ማሽኑን በዕለቱ ቁልፍ፣ ማለት ለዚያ ቀን በታዘዘው አቀማመጥ፣ ያዘጋጃሉ። ከዚያ ላኪው ለዚያ መልእክት ብቻ የሚሆን 3 ፊደል ከራሱ ይመርጣል። ሬዲዮ ሊንኮሻኮሽ ይችላል፤ ተቀባዩ እንዳይሳሳት ተብሎ 3ቱ ፊደል ሁለት ጊዜ ይተየባል። 6 ፊደል ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ 1ኛውና 4ኛው ከውስጥ አንድ ፊደል ናቸው። 2ኛውና 5ኛው፣ 3ኛውና 6ኛውም እንደዚያው። ሬየቭስኪ የውስጡን አያይም። የሚያየው የተቆለፉትን 6 ፊደሎች ብቻ ነው። ቀዳዳው ይቺ ነበረች።

ለልጆቹ 26 ፊደል አያስፈልግም። 6 ቆርኪ አምጪ። በየላያቸው ሀ ለ መ ረ ሰ ቀ ብለሽ ጻፊ። ከዚያ ማሽኑ በ1ኛው ምት (1ኛው ፊደል ሲጫን) እንዲህ ያጣምራል በይ፦ ሀ ከለ፣ መ ከረ፣ ሰ ከቀ። በ4ኛው ምት ደግሞ፦ ሀ ከመ፣ ለ ከሰ፣ ረ ከቀ። ይህን ሁለት ተማሪዎች ብቻ ይወቁት፤ እነሱ ማሽኑ ናቸው። ሌላው ክፍል ጠላፊ ነው።

አንድ ልጅ ፊደል መርጦ ለሁለቱ በጆሯቸው ይንገራቸው። እነሱ 1ኛውንና 4ኛውን ይጥሩ። ለምሳሌ ልጁ ለ ቢመርጥ 1ኛው ሀ ይሆናል፣ 4ኛው ሰ። ጠላፊው ክፍል ሰሌዳው ላይ «ከሀ ወደ ሰ» ብሎ ይጽፋል። ለ እንደተመረጠ አያውቅም። ስድስቱም ፊደል እስኪሟላ ቀጥይ።

ሰሌዳው ላይ የሚወጣው ይሄ ነው። ከሀ ወደ ሰ፣ ከሰ ወደ ረ፣ ከረ ተመልሶ ወደ ሀ። አንድ ዙር ተዘጋ። የቀሩት ደግሞ ከለ ወደ መ፣ ከመ ወደ ቀ፣ ከቀ ወደ ለ። ሌላ ዙር። ሁለቱም ባለ 3 ናቸው። የፈለግሽውን ጥንድ ብትቀያይሪ ዙሮቹ ሁልጊዜ እኩል እኩል ሆነው በጥንድ ይመጣሉ። ይህ የሂሳብ ሕግ ነው፣ ማረጋገጫ አለው።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። የመሰኪያ ሰሌዳውን ገመድ ብትነቅይና በሌላ መንገድ ብትሰኪ፣ በዙሩ ላይ የተጻፉት ፊደሎች ይለወጣሉ እንጂ የዙሩ ርዝመት አይለወጥም። ባለ 3 ባለ 3 እንደሆነ ይቀራል። ገባሽ? ያ 100 ቢሊዮን መንገድ፣ ጀርመኖች የተመኩበት ቁጥር፣ ከስሌቱ ወጣ። የቀረው የሮተሮቹ 6 አደራደርና 17,576 መነሻ ነው። 105,456። ይህ ሰው ሊዘልቀው የሚችል ቁጥር ነው። ቆይተው በእርግጥም ሁሉንም አንድ በአንድ መዘገቡት፤ ሬየቭስኪ ለዚያ ሳይክሎሜትር የሚባል መሣሪያ ፈለሰፈ። ከአንድ ዓመት በላይ ፈጀባቸው። ከተጠናቀቀ በኋላ ግን የዕለቱን ቁልፍ ማግኘት የደቂቃዎች ሥራ ሆነ።

ከዚያ በፊት ግን ሌላ ችግር ነበረበት። የሮተሮቹን የውስጥ ሽቦ ማንም አያውቅም። ማሽኑን አይቶት የማያውቅ ሰው የውስጡን ሽቦ በእርሳስ ማግኘት አለበት። ለዚህም በፐርሙቴሽን የተሠሩ እኩልታዎች ጻፈ፤ የማይታወቀው ግን በዛ። እዚህ ላይ ፈረንሳዮች ደረሱለት። የጀርመን ጦር የምስጢር ክፍል ሠራተኛ የሆነ ሃንስ ቲሎ ሽሚት የሚባል ሰው ሰነድ ሸጦላቸው ነበር። በሰነዱ ውስጥ የመስከረምና የጥቅምት 1932 ቁልፎች ነበሩ። እሱን ሲያስገባ የማይታወቀው ቀነሰ።

አሁንም አልሆነም። የቀረው ከመጫኛ ቁልፎቹ ወደ መጀመሪያው መግቢያ የሚሄደው ሽቦ ነው። ገበያ ላይ በሚሸጠው ኢኒግማ ሽቦው የጽሕፈት መኪናውን የፊደል ተራ ይከተላል፦ ኪው፣ ደብሊው፣ ኢ፣ አር፣ ቲ፣ ዜድ፣ ዩ። በዚህ ሲሞክር ምንም አልወጣለትም። ኋላ «ጀርመኖች ሥርዓት ይወዳሉ፤ ምናልባት በፊደል ገበታ ተራ ይሆናል» ብሎ ገመተ። ኤ ወደ ኤ፣ ቢ ወደ ቢ። ሽቦው ከእርሳሱ ሥር ቁልጭ ብሎ ወጣ። ታኅሣሥ መጨረሻ 1932 ነው ጊዜው። ሂትለር ሥልጣን ሊይዝ አንድ ወር ገደማ ቀርቶት ነበር።

የእንግሊዙ ስመ ጥር ኮድ ሰባሪ ዲሊ ኖክስ እዚያችው ነጥብ ላይ ተጣብቆ ቀርቶ ነበር። በሐምሌ 1939 ከዋርሶ ወጣ ብሎ ፒሪ በሚባል ጫካ ውስጥ ፖላንዶቹ እንግሊዞችንና ፈረንሳዮችን ጠርተው ያላቸውን ሁሉ ሰጧቸው። ኖክስ መጀመሪያ የጠየቀው ያንን የመግቢያ ሽቦ ነው። የፊደል ገበታ ተራ መሆኑን ሲሰማ በጣም ተናደደ ይባላል። ይህን ሁሉ ጊዜ እንዲህ ለቀለለ ነገር!

ጦርነቱ ከዚያ ስብሰባ በኋላ ከአምስት ሳምንት ብዙም ሳይዘል ጀመረ። መምህርት፣ ይህን ዓርብ ሞክሪና ጻፊልን።

ለገጣፎ ነኝ፣ ዳታ ላይ የምሠራ፦

ጋሼ በጣም ግሩም አድርገው ጻፉት። እኔ ለሴት ተማሪዎችሽ አንድ ስም ልጨምር፣ እህቴ። ጆአን ክላርክ።

ካምብሪጅ ሂሳብ ተምራ በ1940 ብሌችሊ ፓርክ ገባች፤ እንግሊዞች ኮድ የሚሰብሩበት ግቢ ማለት ነው። የተቀጠረችው ለጸሐፊነት ሥራ ነው። ብዙም ሳይቆይ ከቱሪንግ ጋር የጀርመንን ባሕር ኃይል ኢኒግማ ከሚሰብሩት አንዷ ሆነች። ደመወዟን ሊጨምሩላት ሲፈልጉ ግን ለሴት ኮድ ሰባሪ የተዘጋጀ ደረጃ አልነበረም። ስለዚህ መዝገቡ ላይ «ቋንቋ አዋቂ» ብለው አስገቧት። በ1944 የዚያው ክፍል ምክትል ኃላፊ ሆናለች። እዚያ ግቢ ከሚሠራው ሰው ሦስት አራተኛው ሴት ነበር። ይህን ስነግር የሚገረም ሰው ስለማይጠፋ ነው የምጽፈው።

የቡራዩ ልጅ፦

ሂሳቡን እየተከታተልኩ ነው፤ ቆርኪውን እኔም ጠረጴዛዬ ላይ ደርድሬያለሁ። ልጆቹ «ይሄ የፈረንጅ ጦርነት ነው፣ ከኛ ምን አገናኘው?» ካሉሽ ግን መልስ አለሽ።

ከ1940 ማብቂያ እስከ 1941 እንግሊዞች በምሥራቅ አፍሪካ ከጣሊያን ጋር ሲዋጉ፣ የጣሊያኖቹን ትልልቅ የምስጢር መልእክቶች እያነበቡ ነበር። የጦሩም የአየር ኃይሉም። አዲስ አበባ የተቀመጠው የጣሊያን ገዢ፣ የአኦስታው መስፍን፣ ለሮም የሚልከውም ጭምር ይነበብ ነበር። ስንት ጥይት ቀረው፣ ነዳጁ የት ጋ አለቀ፣ ወዴት ሊያፈገፍግ ነው፣ ሁሉም ይታወቃል። ኢኒግማ አልነበረም፤ በወረቀትና በመጽሐፍ የሚሠሩ ኮዶች ናቸው። ሥራው ግን ያው ሥራ ነው።

ይህን ስል አርበኞቻችንን ለመርሳት አይደለም። አምስት ዓመት ሙሉ ጠላትን እረፍት የነሱት እነሱ ናቸው፤ ሜዳውን ያዘጋጁት እነሱ ናቸው። ጃንሆይ በኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 27 ቀን 1933 በደብረ ማርቆስና በፍቼ መጥተው እንጦጦን ወርደው አዲስ አበባ ሲገቡ፣ ከጀርባ እንዲህ ያለ የእርሳስና የወረቀት ሥራም እንደነበረ ልጆቹ ቢያውቁ ጥሩ ነው።

መምህርት ከቱሉ ዲምቱ፦

ዓርብ አለፈ። ልንገራችሁ።

ቆርኪ አልጠፋም፤ ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ካለው ሱቅ ልጆቹ ራሳቸው ለቅመው መጡ። ማሽን እንዲሆኑ የመረጥኳቸው ሁለቱ ልጆች ወንበር ይዘው ጥግ ተቀመጡ። ሌላው ሰሌዳው ላይ አፈጠጠ።

ሁለቱ ዙር ሲወጣ ዝም አሉ። «በአጋጣሚ ነው» ያለ ነበር። ጥንዶቹን ቀየርን። አሁንም እኩል እኩል። እንደገና ቀየርን፤ ያው። ከዚያ ገመድ እንሰካ ብዬ የሀንና የቀን ስም አለዋወጥኩ። ፊደሎቹ ተዘበራረቁ፤ ዙሩ ባለ 3 ባለ 3 ሆኖ ቀረ። ያኔ ብሎኬት የሚሠራው ልጅ ተነሥቶ «ቲቸር፣ ታዲያ ገመዱ ምንም አልፈየደላቸውም ማለት ነው!» አለ። እኔ ልናገር ያዘጋጀሁትን ነጠቀኝ።

ደስ ያለኝ ግን ከዚያ የመጣው ነው። ሦስት ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ ጋሼ። አንደኛ፣ ለምንድነው ሁልጊዜ እኩል የሚሆነው? ሁለተኛ፣ ከዙሩ ተነሥቶ የውስጡን ጥንድ ማግኘት ይቻላል ወይ? ሦስተኛውን አንዲት ልጅ ናት የጠየቀችው፦ «ሰውዬው ከዚያ በኋላ ምን ሆነ?»

የሰበታው የሂሳብ መምህር፦

እሰይ ልጄ! ብሎኬት የሚሠራውን ልጅ እቀፊልኝ።

አንደኛውና ሁለተኛው ጥያቄ አንድ መልስ አላቸው። የመጀመሪያውን ዙር ጻፊ፦ ሀ ሰ ረ። ከሥሩ የእያንዳንዱን የ1ኛ ምት ጥንድ ጻፊ። ከሀ ሥር ለ፣ ከሰ ሥር ቀ፣ ከረ ሥር መ። የታችኛውን መስመር ተመልከቺው፦ ለ ቀ መ። ሁለተኛው ዙር እኮ ነው፣ ወደ ኋላ ሲነበብ! የላይኛው ፊደል በዙሩ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሲሄድ፣ ጥንዱ በራሱ ዙር አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይሄዳል። ስለዚህ አንዱ ዙር ሲዘጋ ሌላውም በእኩል እርምጃ ይዘጋል። ራሱ ሆኖ የሚወጣ ፊደል ስለሌለ ደግሞ ፊደሉና ጥንዱ አንድ ዙር ውስጥ አይገናኙም። ማረጋገጫው ይሄው ነው።

ጠላፊው ጥንዶቹን ባያውቅስ? አንዱን ዙር ይጽፋል፣ ሌላውን ከሥሩ ገልብጦ ያሰልፋል፣ ከዚያ ያንሸራትታል። ባለ 3 ስለሆነ ሦስት ዕድል ብቻ አለ። ከሦስቱ አንዱ እውነተኛው ነው። የትኛው? እዚህ ላይ ሂሳቡ ለሰው ጠባይ ቦታ ይለቃል። የጀርመን ሬዲዮ ኦፕሬተሮች ፊደል ምረጡ ሲባሉ ይሰንፉ ነበር። አንዱን ፊደል ሦስቴ ይደግማሉ። ሬየቭስኪ ይህን ጠርጥሮ ከተደጋገሙ ፊደሎች ጀመረ፤ ሠራለት። ክፍልሽ ውስጥም ልጆቹ በዘፈቀደ ምረጡ ሲባሉ አብዛኞቹ ሀን እንደሚመርጡ እርግጠኛ ነኝ። 1ኛው ፊደል ሆኖ በብዛት የወጣው ለ ከሆነ፣ ሀ ከለ ጋር ተጣምሯል ብለው ይገምቱ። አንዷ ጥንድ ከታወቀች ሦስቱም ይታወቃሉ።

አሁን ለልጅቷ ጥያቄ። ይህን በደንብ ንገሪያት፤ የጠየቀችው ተገቢ ነገር ነው።

በመስከረም 1939 ጀርመን ፖላንድን ስትወር ሦስቱ ወጣቶች በሮማኒያ አድርገው ፈረንሳይ ገቡ። ሬየቭስኪ ሚስቱን ኢሬናንና ሁለት ልጆቹን ጥሎ ነው የወጣው። ሴቷ ልጅ ገና በዚያው ዓመት የተወለደች ናት። ከፓሪስ አጠገብ በአንድ ግቢ ተቀምጠው ሥራቸውን ቀጠሉ። በጥር 1940 ቱሪንግ ከእንግሊዝ መጥቶ እዚያ አግኝቷቸዋል። ፈረንሳይ ስትወድቅ ወደ ደቡብ ተዛወሩ፣ ኡዜስ አጠገብ፤ ተደብቀው እዚያም ሠሩ። በጥር 1942 ሩዢትስኪ የተሳፈረባት መርከብ ሜዲትራኒያን ላይ ሰጠመች። ሞተ፤ 32 ዓመቱ ነበር።

በጥር 1943 ሬየቭስኪና ዚጋልስኪ የፒሬኒስን ተራራ በእግር ተሻግረው ወደ ስፔን አመለጡ። የሚመራቸው ሰው መንገድ ላይ በመሣሪያ አስፈራርቶ የቀራቸውን ገንዘብ ወሰደባቸው። ተሻግረው ደግሞ እስር ቤት ገቡ። ወራት ቆይተው ተፈቱና በፖርቱጋልና በጂብራልታር እንግሊዝ ደረሱ።

እንግሊዝ ሲደርሱ ብሌችሊ ፓርክ አላስገቧቸውም። የፖላንድ ጦር ውስጥ ተመድበው ቀለል ያለ የእጅ ኮድ ሲሰብሩ ቆዩ። እነሱ የጀመሩት ሥራ አጠገባቸው በሺዎች በሚቆጠር ሰው ይሠራል፤ አይነገራቸውም። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል።

በኅዳር 1946 ወደ ሚስቱና ወደ ልጆቹ ተመለሰ። በዓመቱ ወንድ ልጁ አንድዤይ በፖሊዮ ሞተ፤ 11 ዓመቱ ነበር። ሬየቭስኪ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ሲችል ቤተሰቡን ትቶ አልሄደም። ቢድጎሽች ውስጥ በኬብል ፋብሪካና በሌሎች መሥሪያ ቤቶች በሽያጭና በሂሳብ ሥራ ላይ ተቀመጠ። የደኅንነት ሰዎች ይከታተሉት ነበር፤ የሠራውን ግን አላወቁም። እሱም አልተናገረም። በ1967 ጡረታ ወጣ፣ ማስታወሻውን ጻፈ። ዓለም ስለ እሱ መስማት የጀመረው ከ1970ዎቹ ወዲህ ነው። በየካቲት 1980 ዋርሶ ሞተ። ፖዝናን ውስጥ ለሦስቱ በ2007 ሐውልት ቆሞላቸዋል፤ ባለ ሦስት ጎን ነው፣ በየጎኑ የየአንዳንዳቸው ስም።

መምህርት ከቱሉ ዲምቱ፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ሰኞ ጠዋት ለልጅቷ ነገርኳት። «ለምን አልተናገረም?» ብላ ቆይታ ቆይታ ጠየቀችኝ። መንግሥቱን ሳይፈራ አይቀርም፣ ቤተሰቡንም ለመጠበቅ ነው አልኳት።

ለሚቀጥለው ክበብ ምን ልስጣቸው? ይህን ሰምተው የሚቆሙ አይመስሉም። ብሎኬት የሚሠራው ልጅ ቆርኪዎቹን በላስቲክ አድርጎ ቤቱ ወስዷቸዋል።

የሰበታው የሂሳብ መምህር፦

የዚጋልስኪን ወረቀት ስጫቸው። በመስከረም 1938 ጀርመኖቹ የአላላክ ደንባቸውን ቀየሩ፣ የዙሩ መዝገብ ዋጋ አጣ። በታኅሣሥ ደግሞ ሁለት ሮተር ጨመሩ። አደራደሩ ከ6 ወደ 60 አደገ። ዚጋልስኪ ያኔ የያዘው አንድ ልዩ ነገር ነው፦ 1ኛውና 4ኛው ፊደል አንድ ዓይነት ሆነው የወጡበትን መልእክት። ይህ የሚሆነው ባለ 1 ዙር ሲኖር ብቻ ነው፤ ማለትም ሁለቱ ምቶች አንድ የጋራ ጥንድ ሲኖራቸው። ቆርኪው ላይ አሳዪያቸው፦ በሁለቱም ምት ሀን ከለ አጣምሪ፣ የቀሩትን አራቱን በተለያየ መንገድ። ሀና ለ ብቻቸውን ይዞራሉ።

የትኛው መነሻ ቦታ እንዲህ ያደርጋል የሚለውን በወረቀት ላይ ቀዳዳ አድርገው መዘገቡት። ለአንድ አደራደር 26 ወረቀት፣ በአንዱ ወረቀት 1,000 ያህል ቀዳዳ፣ ሁሉም በምላጭ የተቆረጠ። ወረቀቶቹን በትክክለኛው ቦታ ደራርበው ከሥር ብርሃን ያበራሉ፤ ሁሉንም አልፎ የሚታየው ቀዳዳ የቁልፉን ቦታ ይነግራል። ፖላንዶቹ የሁለት አደራደር ወረቀት ብቻ ነበር የጨረሱት፤ የቀረውን 58 እንግሊዞች ሠሩት።

የእነሱ ወረቀት 51 በ51 ካሬ ነበር። ለክበብሽ 6 በ6 ይበቃል። የካሬ ደብተር ገጽ ቁረጪ፣ ቀዳዳውን በቢክ ጫፍ ውጉት፣ መብራት ከጠፋም በመስኮት በኩል ይሠራል። ምላጩን ግን ለልጆች እንዳትሰጪ።